ማስተሩ እናንተ ቤት ነው



ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከሐረር ጁገል ውስጥ ተነሥተው ቤቴ መጡ። በፌስታል የተቋጠረ ነገር ይዘዋል። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቁም፤ ፌስታሉን ፈትተው ምንጣፉ ላይ ዘረገፉት። ቆጠርነው፤ 31 ዲስክ። ገሚሱ በወረቀት ከረጢት፣ ገሚሱ ያለ ምንም ልባስ፣ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ተጣብቀው። ከመካከላቸው አንዱን አነሡና «ልጄ፣ ይኼን የሰርግ ሲዲ ዴኩ አላነብ አለን። ባለቤቴ በቪዲዮ ያሉት በዚህ ብቻ ነው። ማስተሩ ግን አንተ ጋ አለ አይደል? የቀረጽከው አንተ ነህ» አሉኝ።

እውነት ነው፤ ሰርጉን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ማስተሩ ግን እኔ ጋ የለም።

ለብዙ ዓመት በዚህች ከተማ የሰርግ ካሜራ ማን ሆኜ ሠርቻለሁ። ያኔ የምንቀርጸው ሚኒ ዲቪ በሚባለው ትንሽ ካሴት ነበር። አንዱ ካሴት አንድ ሰዓት ይይዛል፤ አንድ ሰርግ አራትም አምስትም ይፈጃል። ካሴቱ ውድ ነው፤ እንደ ልብም አይገኝም። ስለዚህ ኤዲት ተደርጎ ዲስኩ ለቤተሰቡ ከተሰጠ በኋላ በዚያው ካሴት ላይ የሚቀጥለውን ሰርግ እንቀርጽበት ነበር። በኋላ ሥራው ወደ ሜሞሪ ካርድና ወደ ኮምፒውተር ሲዞርም ነገሩ አልተለወጠም። ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን እናጠፋለን፤ ለአዲሱ ሰርግ ቦታ ያስፈልጋላ። እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው፤ የማውቃቸው የሙያ ባልደረቦቼም እንዲሁ።

ለእኒያ እናት ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚያ ዝምታ ምክንያት ነው። አያሌ ቤተሰብ «ካሜራ ማኑ ጋ አለ» ብሎ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ካሜራ ማኑ ጋ የለም። ቡፌ ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ፍራሽ ሥር ያለው ዲስክ ኮፒ አይደለም። ማስተሩ እሱ ነው፤ ሌላ የለውም።

ያ ዲስክ ምን ይዟል? ሰርግ ስንቀርጽ የምንቀርጸው ሙሽራውንና ሙሽሪትን ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን የቆዩትን ስመለከት ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጀርባው ነው። ፈረስ መጋላ ላይ የተደረደሩትን ፔጆ 404 ታክሲዎች አያለሁ፤ ሐረር በእነሱ የምትታወቅበት ዘመን ነበር። አጃቢው በመኪና ግርግር በኩል ሲያልፍ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ከዘፈኑ ሥር ይሰማል፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ድምፅ ነው። እልፍ ብለን ጌ ጋር በሚባለው የሐረሪ ቤት ውስጥ ስንገባ ነደባው፣ መደቡ፣ ላይ ማን ከማን ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ስፌቱ በየትኛው ግድግዳ በምን ሥርዓት እንደተሰቀለ ይታያል። ሴቶቹ በጌይ ሲናን፣ በሐረሪኛ፣ ሲያዜሙ ደግሞ አሮጊቷ የምታወጣውን ግጥም ወጣቶቹ ገና እየተከተሉ ሲማሩት ይሰማል። ያቺ አሮጊት ዛሬ የለችም። ግጥሙን የጻፈውም የለም። ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ነው።

ዩኔስኮ ጁገልን እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት፣ የሹዋሊድን በዓል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦልናል። ግንቡንና በሮቹን ማንም መጥቶ ያያቸዋል። የዛሬ ሃያ ዓመት ሹዋሊድ በእናንተ ሰፈር እንዴት እንደተከበረ፣ ማን እንደዘፈነ፣ ልጃገረዶቹ ምን እንደለበሱ የሚያሳየው ግን በየቤታችሁ ያለው ምስል ነው።

ከየቤቱ የተሰበሰበ ነገር የት እንደሚያደርስ ሐረር ከማንም በፊት አይታለች። አብዱላሂ ሸሪፍ አሮጌ መጻሕፍትን፣ ሳንቲሞችን፣ የድሮ ሙዚቃ ቅጂዎችን ከየሰዉ ደጃፍ እየለመኑም እየገዙም ሰበሰቡ፤ የተቀደደውን መጽሐፍ በእጃቸው እየጠገኑ እየጠረዙ እ.ኤ.አ. በ1998 በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ክልሉ የራስ ተፈሪን ቤት ሰጣቸው፤ ዛሬ ከየአገሩ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይጎበኘዋል። ልብ በሉልኝ፤ እዚያ ያለው የእጅ ጽሑፍ ሙዚየም ከመግባቱ በፊት የማንም ቤት ሳጥን ውስጥ የተጣለ ወረቀት ነበር። የሰው ድምፅ ያለበት ቅጂም እንዲሁ።

ከዚያው ብዙም ሳይርቅ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ቤት አለ። ራምቦ ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ላይ ፎቶ አነሣ። ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ላይ ግን ምስሎቹን ያጠበበት ውኃ መጥፎ በመሆኑ ፎቶዎቹ እየነጡ መሄዳቸውን ይናገራል። ራሱን ያነሣባቸው ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ ቆይተዋል፤ ደብዛዛ ናቸው፤ የፊቱ መልክ በቅጡ አይለይም። ሆኖም እናቱና እኅቱ ደብዳቤውን ከነፎቶው ባያስቀምጡ ኖሮ ያንንም አናገኝም ነበር።

አሁን ወደ ዲስኩ ልመለስ። ይኸውና፣ በእጄ የያዝኩትን እዩት። በጀርባው በኩል ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም አለው። ከሱቅ የሚገዛ የፊልም ዲስክ ብር የመሰለ ነጭ ነው፤ በፋብሪካ ታትሞ የወጣ ስለሆነ። ቤት ውስጥ ወይም ስቱዲዮ በርን የተደረገው ግን እንዲህ ያለ ቀለም አለው። ጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ ሰርጋችሁ የተጻፈው በዚህ ቀለም ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ጨረር ቀለሙን ነጥብ በነጥብ እያቃጠለ ነው የጻፈው። እንግዲህ በብርሃን የተጻፈን ቀለም ብርሃን ያጠፋዋል። ሙቀትም ያጠፋዋል፤ እርጥበትም። መስኮት ላይ የተቀመጠ ዲስክ፣ በሚሞቅ ሪሲቨር ላይ የተደራረበ ዲስክ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሞታል። ውጭውን ብታዩት አዲስ ይመስላል። የምታውቁት ዴኩ ውስጥ ሲገባ ነው።

በተለይ ቪሲዲ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ሁላችንም በልማድ ሁለቱንም «ሲዲ» እንላለን እንጂ ቪሲዲና ዲቪዲ አንድ አይደሉም። በዲቪዲ ጽሑፉ ያለው በሁለት የፕላስቲክ ገበታዎች መካከል ነው። በቪሲዲ ግን ስም በምንጽፍበት ገጽ ሥር፣ ከስስ ቫርኒሽ በታች ነው የሚገኘው። በእስክሪብቶ ጫን ብሎ «የእከሊት ሰርግ» ብሎ የጻፈ ሰው ሰርጉን ራሱን ፍቆታል። ወረቀት ለጥፋችሁበት ከሆነ ደግሞ አትላጡት፤ ሽፋኑን ይዞት ይነሣል።

የእኒያን እናት ዲስክ እንዴት እንዳዳንኩት ልንገራችሁ፤ ሥራው ይህን ያህል የሚያስፈራ እንዳልሆነ ታያላችሁ። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና አጠብኩት። በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከመሐሉ ወደ ጠርዙ በቀጥታ ጠረግሁት፤ በክብ አላሸሁትም። ምስሉ በዲስኩ ላይ የሚጻፈው በክብ መስመር ነው። መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ጥቂት ነገር ብቻ ስለሚነካ ማጫወቻው አስልቶ ይሞላዋል፤ መስመሩን ተከትሎ የሄደ ጭረት ግን ብዙ ነገር በአንዴ ይወስዳል። በጥርስ ሳሙና የሚያሹ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት።

ከዚያ ላፕቶፕ ውስጥ አስገባሁት። እስከ 43ኛው ደቂቃ ሄደና ቆመ። ሌላ ማጫወቻ ለወጥኩ፤ አንዱ ያላነበበውን ሌላው ያነባልና። ይኼኛው 43ኛውን አለፈ፤ 51ኛው ላይ ያዘው። ያን ጊዜ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩ። ይህ ፕሮግራም እንደ ብልህ ገበሬ ነው፤ ድንጋያማውን ቦታ መጀመሪያ አይታገልም። ደህናውን ሁሉ አርሶ ይጨርስና ወደ አስቸጋሪው ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል። የት እንደደረሰም በማስታወሻ ፋይል ይጽፋል። ያን ሌሊት መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሲመጣ ከቆመበት ቀጠለ። ሲነጋ ከጥቂት ሰከንዶች በስተቀር ሁሉም ወጥቷል። ባለቤታቸው ሙሽሪትን ሲመርቁ ያለው ከነድምፁ አለ።

ዲቪዲ ስትገለብጡ ዲስኩን እንዳለ፣ ምንም ሳትቀንሱ፣ አይኤስኦ በሚባለው አንድ ፋይል አውጡት። ይህ ዋናው ነው፤ አይነካም። በስልክ ለማየት የሚሆን ቀለል ያለ ኤምፒ4 ከዚያ ላይ እንደ ሀንድብሬክ ባለ ፕሮግራም ይሠራል። ብዙ ወጣቶች ከባዱን ያጠፉና ቀላሉን ያስቀራሉ፤ ተገላቢጦሽ ነው። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ የተላከውም ማስቀመጫ አይሆንም፤ ሲያልፍ ይጨመቃል፣ የአክስታችሁ ፊት ይደበዝዛል። መላክ ካለባችሁ እንደ ፋይል ላኩት። ከቶሮንቶ ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ የላከው ዲስክ ደግሞ እዚህ ዴክ ላይ አልጫወት ብሎ ወይም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ያስቸገራችሁ ካለ ዲስኩ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። በዚያ አገር የቴሌቪዥኑ ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ነበር፤ የእኛ ፓል። ኮምፒውተር ሁለቱንም ያነባል፤ አትጣሉት።

ቦታ አይበቃም የሚል ስጋትም እሰማለሁ። አንድ ተራ ዲቪዲ ቢበዛ 4.7 ጊጋባይት ነው። የእኒያ እናት 31 ዲስክ ሁሉም ጢም ብሎ ቢሞላ 146 ጊጋባይት አይደርስም፤ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከ200 በላይ ይይዛል። የሚያንሰን ቦታ ሳይሆን ጊዜ ነው። ዛሬ የሚሸጡ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። የቪዲዮ ካሴት ዴክ ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ምርቱን አቁሟል። ዲስኩ ቢተርፍ እንኳ አንባቢው ሊጠፋ ነው። ዲስካችሁ ከቪዲዮ ካሴት የተገለበጠ ከሆነና ካሴቱ ዛሬም ቤት ካለ፣ እሱ ዋናው ነውና አስቀምጡት።

ይህ ሁሉ ግን የሥራው እኩሌታ እንኳ አይደለም። ዲስኩን ገልብጠን ስንጨርስ እኒያን እናት ከላፕቶፑ ፊት አስቀመጥኳቸውና «እስቲ እዚህ ያሉትን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ አጠገባቸው አኖርኩ። ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። ቪዲዮውን «አስቁም» እያሉ ይቆጥራሉ፤ ይኼ የእከሌ ልጅ፣ ይቺ ለድሬዳዋ የተዳረችው፣ ይኼ በዚያው ዓመት የሞተው። አንድ ቦታ ላይ የምስሉ ጠርዝ ላይ ከበሮ የምትመታ ሴት አለች፤ ፊቷ አይታይም፤ ከክንዷ በታች ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ልቀጥል ስል «ቆይ፣ ቆይ! ይቺ እኅቴ ናት» አሉ። እንዴት አወቋት? ሁለተኛዋ ጣት በልጅነቷ ተሰብራ ጎበጥ ብላ ቀርታለች፤ ከበሮውን ስትመታ ያቺ ጣት አትነካውም። እኔ ሰርጉን ቀርጬ፣ ኤዲት አድርጌ፣ ስንት ጊዜ አይቼው ያችን ጣት አላየኋትም። እሳቸው ባይነግሩን ለዘላለም የማንም እጅ ሆና ትቀር ነበር።

ስለዚህ ፋይሉን ስትሰይሙ «ሰርግ 1»፣ «ሰርግ 2» አትበሉ። የማን፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጻፉ። የካሜራውን ቀን አትመኑ። ባትሪው ያለቀበት ካሜራ ብዙ ጊዜ ራሱን እንደ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ወዳለ መነሻ ቀን ይመልሳል፤ ደህና የሚሠራውም የሚጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ከእናቱ ሰርግ በፊት የተወለደ ይመስላል። እናቶች ቀኑን ባያስታውሱ እንኳ «ከእከሌ ሐዘን በኋላ፣ ከረመዳን በፊት» ይላሉ። እሱንም እንዳለ ጻፉት።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ መናገር አለብኝ። ከእነዚህ ዲስኮች ብዙዎቹ ውስጥ የሴቶች ጭፈራ አለ። ሴቶቹ በመካከላቸው ወንድ እንደሌለ አውቀው፣ ተማምነው፣ ሻሻቸውን አውልቀው የተጫወቱበት ነው። ያኔ የፈቀዱት ለቤተሰቡ እንጂ ለዓለም አይደለም። ያን አውጥቶ ዩቲዩብ ላይ መጫን አማናን መብላት ነው፤ ቅርስ ማዳን ብዬ አልጠራውም። እንዲህ ያለውን ዲስክ ወንድ ባይገለብጠው ይመረጣል፤ በየቤቱ ኮምፒውተር የምታውቅ ልጅ አለች፣ ለእሷ ስጧት። እኔ ዘንድ የሚመጣውን የምትሠራው ባለቤቴ ናት።

ሲቀመጥስ? ፍላሽ ላይ አታከማቹ፤ ፍላሽ ማመላለሻ ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ መያዝም ያው አንድ ዲስክ እንደመያዝ ነው። የእኔን ልንገራችሁ። የልጆቼ የልጅነት ቪዲዮ ሁሉ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር፤ ከጠረጴዛ ወደቀ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማና በዚያው ቀረ። አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ከፍተው አበላሽተው መለሱልኝ። የመጀመሪያ ልጄ ስትራመድ ያለውን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ይህ ሲሆን ባለሙያ ነበርኩ።

ስለዚህ ሁለት ይሁን፤ ሁለቱም በአንድ ቤት አይሁኑ። የአገራችን የብራና መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ የተደረገው ለዚሁ ነበር። እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሰው ሞልቶናል፤ ውጭ አገር ልጅ ወይም ወንድም የሌለው የሐረር ቤት ጥቂት ነው። ለበዓል ሲመጣ ሁለተኛውን ሃርድ ዲስክ አስይዙት። በዓመት አንድ ጊዜ ሁለታችሁም ከፍታችሁ እዩት፤ በአምስት ዓመት ገደማ ወደ አዲስ አዛውሩት። ዲስኮቹንም ከገለበጣችሁ በኋላ አትጣሏቸው። የጌ ጋር ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ፀሐይ የማይደርስበት የግድግዳው መደርደሪያ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው። ዲስኩን በልባሱ አቁማችሁ እዚያ አኑሩት።

የመረዳጃ ማኅበሮቻችንን፣ አፎቻዎችን፣ ልለምን። አፎቻ ሰርጉንም ሐዘኑንም አብሮ ይሸከማል፤ ዕቃውንም በጋራ ይገዛል። አንድ የዲስክ ማጫወቻና ሁለት ሃርድ ዲስክ ለአንድ አፎቻ ከባድ ወጪ አይመስለኝም። ከአባላቱ መካከል አንድ ወጣት ይመደብ። ሥራውን ማስተማር ለእኔ አንድ ቀን ይበቃኛል፤ ክፍያ አልጠይቅም።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ዲስኮቹን አውጧቸው። ከየትኛው እንጀምር ብላችሁ እንዳትጨነቁ። የቅርቡንና የሚያምረውን አቆዩት። አሁን በሕይወት የሌለ ሰው ድምፅ ያለበትን አስቀድሙ፤ ያን ሰው የሚያውቁት እናት ወይም አባት በሕይወት ካሉ ደግሞ አጠገባችሁ አስቀምጧቸው።